መስተዋቱን የት እንስቀለው?

አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት የኅትመት ሥራ «መጽሔት» ይባላል። ቃሉ ከግዕዝ የተወረሰ ሲሆን፣ በግዕዝ ትርጉሙ መስተዋት ነው። የግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ በቆሮንቶስ መልእክት ውስጥ የሰውን ዕውቀት በመስተዋት ከሚታይ ነገር ጋር በሚያነጻጽርበት ቦታ የሚጠቀመው ይኸንኑ ቃል ነው። የጥንቱ ሰው ፊቱን ያይበት የነበረውን ዕቃ ስም፣ የዛሬው ሰው ጽሑፍ ለሚያነብበት ጥራዝ ሰጥቶታል። አማርኛው ደግሞ በራሱ መንገድ ሄዶ «መስተዋት» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ያውለዋል፤ ፊታችንን መልሶ የሚያሳየንም መስተዋት ነው፤ ውጭውን አሳልፎ የሚያሳየን የመስኮቱ ጠርሙስም መስተዋት ነው። ራስን ማየትና ሌላውን ማየት በቋንቋችን አንድ ስም አላቸው።

«ኪነ ጥበብ የኅብረተሰብ መስተዋት ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በስብሰባ አዳራሽ፣ በመማሪያ ክፍል ወይም በቴአትር ምረቃ ንግግር ላይ ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። እኔም በዩኒቨርሲቲ ተማሪነቴ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ውጤት አግኝቼበታለሁ፤ ባስተማርሁባቸው ዓመታትም ጽፈው ላመጡ ተማሪዎች ውጤት ሰጥቼበታለሁ። ይሁን እንጂ መስተዋቱ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ሰቀለው፣ ከምን ትይዩ እንደ ተሰቀለ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጥያቄውን እንድጠይቅ ያስገደደኝ መጽሐፍ ሳይሆን፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ግድግዳ ላይ የሰቀልሁት አንድ የጌጥ መስተዋት ነው።

ቤቱ ጠባብ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ካስገኛቸው ባለ አንድ መኝታ ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ ሳሎኑ ሶፋውን፣ የመጻሕፍቱን መደርደሪያና ረከቦቱን ከያዘ በኋላ ለሰው መተላለፊያ የሚተርፈው ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። እንግዳ ሲመጣ ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል። ስለዚህ አንድ ቀን ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ በመንገዱ ዳር ካሉት የመስተዋት መሸጫዎች ወደ አንዱ ገባሁ። የዛሬው የመስተዋት መሸጫ የሥዕል ዐውደ ርእይ ይመስላል፤ ክቡ፣ ሞላላው፣ እንደ ፀሐይ ጨረር የተከፈፈው፣ ዙሪያውን መብራት የተገጠመለት፣ ጠርዙ በሰያፍ የተሞረደው፣ ሁሉም በየፊናው አላፊ አግዳሚውን ይቀበላል። አንድ ወጣት ሠራተኛ መስተዋት ይቆርጥ ነበር። በአልማዙ መስመሩን አንድ ጊዜ ብቻ ይጭርና ከጠረጴዛው አፋፍ ላይ አድርጎ ጫን ሲለው ቀጭ ብሎ ይከፈላል። ሁለት ጊዜ አይጭርም፤ ሁለት ጊዜ የተጫረ መስተዋት በፈለገበት ይሰነጠቃል አለኝ።

«ጋሼ፣ ቤትዎ ስንት በስንት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ነገርሁት። ፈገግ አለ።

«እንግዲያውስ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ይስቀሉት። ብርሃኑንም ቤቱንም እጥፍ ያደርግልዎታል።»

«ቤቱንማ እጥፍ አያደርገውም፤ እጥፍ የሆነ ያስመስለዋል እንጂ» አልሁት።

«ታዲያ ለሚቀመጥበት ሰው ከመሰለው ምን ቀረ፣ ጋሼ?»

መልስ አልነበረኝም። ዋጋውን ከፍዬ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወሰድሁት። ልጁ እንዳለውም ሆነ። ከቀትር በኋላ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ከመስተዋቱ እየተመለሰ፣ ቀድሞ ጨለማ ወደ ነበረው የመደርደሪያው ጥግ መድረስ ጀመረ። በመስኮቱ በኩል የሚታየው የሰማይ ቁራጭ ሁለት ሆነ። መተላለፊያው ግን ዛሬም እዚያው ነው፤ ጉልበትም ከጉልበት ይጋጫል።

ያደግሁበት ቤት እዚያው አቃቂ፣ ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ቤት ነበር። እናቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ነበር። ፊደል ከቆጠርሁ በኋላ ማንበብ የለመድሁት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው፤ ዜናው መኻል ላይ በምሰሶ ስለሚቆረጥ ፍጻሜውን ራሴ እፈጥርለት ነበር። (ተውኔት ጸሐፊ የሆንሁት ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።) የቤታችን መስተዋት ከመዳፍ ጥቂት ሰፋ የምትል፣ በቀይ ፕላስቲክ የተከፈፈች፣ በበሩ አጠገብ በምስማር የተንጠለጠለች ነበረች። ፊትን በሙሉ አታሳይም። እናቴ ለሌሊት ፈረቃ ስትወጣ በመጀመሪያ ዓይኖቿን፣ ቀጥሎ የሻሿን አስተሳሰር፣ ከዚያም አገጯን በተራ በተራ ታይባት ነበር። ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር መብረቅ ትጠራለች ተብሎ በነጠላ ትሸፈን ነበር። ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስተዋት የነበረው በአንዲት ጎረቤታችን ቁም ሣጥን በር ላይ ብቻ ነው። ሙሽሮች በልብሳቸው ሙሉ ሆነው ራሳቸውን ለማየት ወደዚያ ቤት ይሄዱ ነበር፤ እናቴም ለኔ ክርስትና አዲስ ቀሚስ የለበሰች ዕለት ከዚያው ሄዳ እንዳየችው ትነግረኝ ነበር። የሰፈራችን ሰው ራሱን በሙሉ የሚያየው በጎረቤቱ ቤት ነበር ማለት ነው።

መስተዋት የግድግዳ ጌጥ ከመሆኑ በፊት ድንጋይ ነበር። በዛሬይቱ ቱርክ፣ ቻታልሁዩክ በሚባለው ጥንታዊ የመንደር ፍርስራሽ ውስጥ የዛሬ 8000 ዓመት ገደማ ከባልጩት ተወልውለው የተሠሩ መስተዋቶች ተገኝተዋል። ባልጩት ለእኛ እንግዳ ድንጋይ አይደለም። የአቃቂ ወንዝ በአባ ሳሙኤል በኩል ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ በዚሁ በአዋሽ ዳር መልካ ቁንጥሬ አለ፤ ከመልካ ቁንጥሬም ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በስሙ ድንጋዩን የሚያስታውስ ባልጪት የሚባል ሥፍራ ይገኛል። ሁለቱም በአንድነት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። በዚያ አካባቢ የሰው ዘር ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ባልጩት እየፈለጠ መቁረጫና መፋቂያ አድርጎታል። እንግዲህ አንዱ ድንጋዩን ወልውሎ ፊቱን አየበት፤ ሌላው ፈልጦ ዕለታዊ ኑሮውን ገፋበት። ይህን ስል አንዱን ከንቱ፣ ሌላውን ቁም ነገረኛ ለማድረግ አይደለም። አዋሽ ዳር ባልጩት ይፈልጥ የነበረው ሰው በዚያ ጥቁር አንጸባራቂ ገጽ ላይ የገዛ ዓይኑ ብልጭ ብሎ አላስደነገጠውም ብሎ የሚከራከር ካለ እኔ አልስማማም።

በዚያ ዘመንና በእኛ መካከል ያለውን ረጅም ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። ግብፆችም ቻይናዎችም መዳብና ነሐስ እየወለወሉ ይጠቀሙ ነበር። መስተዋት ሰፊ ግድግዳ የሚሸፍን ጌጥ ወደ መሆን የተሸጋገረው ግን በቬኒስ አጠገብ በምትገኘው በሙራኖ ደሴት የነበሩ ባለ እጆች እ.ኤ.አ. በ16ኛው መቶ ዓመት ጥርት ያለውን ጠርሙስ ከጀርባው በቆርቆሮና በባዜቃ ድብልቅ እየለበጡ ለገበያ ማውጣት ከጀመሩ በኋላ ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር የቬኒስን ሠራተኞች አስኮብልሎ ሙያውን ወደ አገሩ አስገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1665 የንጉሡ የመስተዋት ፋብሪካ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. ከ1678 እስከ 1684 በቬርሳይ ቤተ መንግሥት በተሠራው የመስተዋት አዳራሽ ውስጥ በ17 ቅስቶች ላይ 357 መስተዋቶች ተደረደሩ። በአንድ ወገን መስኮት፣ በአንጻሩ መስተዋት፤ የቃሊቲው ወጣት ምክር በንጉሥ ቤት ሲፈጸም ይህን ይመስላል። በዚያ አዳራሽ ሻማው እጥፍ ሆነ፤ ዕንቁው እጥፍ ሆነ፤ የባለሟሉ እጅ መንሻም እጥፍ ሆነ። እጥፍ ሆኖ ያልታየው ባዜቃውን ይለብጥ የነበረው ሠራተኛ ነው። የባዜቃ ተን እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ጥርስ ያረግፋል፣ አእምሮ ይነካል። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1835 ጠርሙስን በብር የመለበጥን መንገድ ካገኘ በኋላ ባዜቃው ቀስ በቀስ ከሥራ ወጣ፤ እስከዚያ ድረስ ግን የመኳንንት ፊት ጠርቶ የታየው በሌላ ሰው ሳንባ ነበር። መስተዋት በፊቱ ያለውን ሁሉ ያሳያል፤ በጀርባው ያለውን ግን አያሳይም። ስለ ውበቱ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንረሳው ይህን ጀርባውን ነው።

ይህ ታሪክ የእኛንም ደጅ ነክቷል። በጎንደር ዳግማዊ ኢያሱ ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1755 ነግሠው ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ንጉሡ የእንግዳ መቀበያ አዳራሻቸውን ያስጌጡት ከሰምርኔስ ሸሽተው በመጡ የግሪክ ብር ሠሪዎች እጅ ነው። የግድግዳው የታችኛው ክፍል በዝሆን ጥርስ ተለበጠ። ከዚያ በላይ ከቬኒስ የመጡ መስተዋቶች በሦስት ረድፍ ተያይዘው፣ በወርቅ በተቀባ የመዳብ ክፈፍ ውስጥ ገቡ። ጣራው ደግሞ የቤተ እስራኤል ባለ እጆች ሰንጥቀውና ቀለም ቀብተው በልዩ ልዩ ቅርጽ የሰካኩት ሸምበቆ ነበር። ያን ጊዜ ከባሕር ወደብ እስከ ጎንደር የጋሪ መንገድ አልነበረም፤ ያ ሁሉ ተሰባሪ ዕቃ ገደሉንና ዳገቱን አልፎ መድረስ ነበረበት። አንዱ መስተዋት ሳይሰበር ሲደርስ ስንት እፎይታ፣ ተሰብሮ ሲደርስስ በአጓጓዡ ላይ ስንት ቁጣ ይወርድ ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

አዳራሹ ግን መስተዋት አንሶት ሳይፈጸም ቀረ። ንጉሡ ሞቱ። ባለ እጆቹ የሚፈልጋቸው አጥተው ኮርቻ፣ ልጓምና ሰይፍ ወደ ማስጌጥ ዞሩ፤ ለዚያም የሚገባቸውን ዋጋ አላገኙም። ከመስተዋቶቹ ከፊሎቹ ወደቁ። የቀሩት የመጨረሻዎቹ እ.ኤ.አ. በ1771 ከሰርባኩሳ ጦርነት በኋላ ሲሰበሩ ብሩስ በቦታው እንደ ነበረ ይመሰክራል። ከዚህ ትረካ እኔን የሚይዘኝ የመስተዋቶቹ መሰበር አይደለም፤ ጦርነት ባለበት ጠርሙስ መሰበሩ አይቀርም። የሚይዘኝ የባለ እጆቹ ዕጣ ነው። ብር መሥራት፣ ሸምበቆ መሰካካት፣ ወርቅ መቀባት የሚችሉ ሰዎች በአንድ ከተማ ተሰብስበው ሳለ፣ ሙያቸው የአንድ ሰው ፊት በሚያሳይ ግድግዳ ላይ ስለ ተመሠረተ፣ ያ ሰው ሲጠፋ ሙያውም አብሮ መጠውለግ ያዘ። በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ይህን ያነሣሁት ጎንደርን ለመውቀስ ሳይሆን፣ ጥበብን ለአንድ ቢሮ ወይም ለአንድ ወንበር ማስጌጫነት ያቀረብን ሰዎች በየዘመኑ ስላለን ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ለአንድ በዓል በትእዛዝ የጻፈው ግጥም በዓሉ ባለፈ ማግሥት ከግድግዳው ላይ ሲነሣ አይቷል።

ከዚያው ከጎንደር ሳንወጣ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እንግባ። በዚያ ጣራው ላይ በረድፍ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ናቸው፤ ዓይኖቻቸው ሰፋፊ ናቸው፤ የትም ብትቆሙ ወደ እናንተ ያያሉ። አንዱ ክፍል የገባው ሰው ራሱን እንዲያይ፣ ሌላው ክፍል የገባው ሰው መታየቱን እንዲያውቅ ሆኖ ተጌጠ። በሐረር ቤቶች ደግሞ ግድግዳውን የሚሞላው በስፌት የተሠራው ሰፌድና ሙዳይ ነው፤ እዚያ እንግዳው የሚያየው የራሱን ፊት ሳይሆን የቤቱን ሴቶች እጅ ነው። በአዲስ አበባ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የሚያህል የመስተዋት ሥዕልም ብርሃኑን የሚያስገባው በአፍሪካውያን ምስል ውስጥ አሳልፎ ነው። እነዚህ ሁሉ የክፍል ጌጦች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን ለገባው ሰው የሚሰጡት ሥፍራ የተለያየ ነው።

መስተዋቱን በሰቀልሁ ሰሞን የሥነ ምግባር ትምህርት የሚያስተምር አንድ ወዳጄ መጥቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ግራ ቀኙን ካየ በኋላ «ይህ ግድግዳህ ይዋሻል» አለኝ።

ክርክራችን እስከ ሌሊት ዘለቀ። የእርሱ አቋም አጭር ነው፤ የሌለውን እንዳለ የሚያሳይ ሁሉ ሐሰተኛ ነው፣ ጌጥ ተብሎም ይቅርታ አይደረግለትም። ጠባብ ቤት የሚኖር ሰው ጥበቱን ማወቅና ስለ ሰፊ ቤት መጠየቅ አለበት፤ መስተዋት ሰቅሎ ራሱን ማባበል የለበትም አለ። እኔም ሐሰት እንዲኖር የሚታለል ሰው መኖር አለበት ብዬ መለስሁ። እኔ ግድግዳው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ በመስተዋቱ ውስጥ ወዳለው ሳሎን ልገባ ብዬ ግንባሬን የመታሁበት ቀን የለም። መድረክ ላይ የሚሞተው ተዋናይ መጋረጃው ሲዘጋ እንደሚነሣ ተመልካቹ ያውቃል፤ ሆኖም ያለቅሳል። ይህን ሐሰት የሚለው ማነው? እንዲያውም የቴአትር ሰዎች ከመስተዋት ጋር ያለንን ችግር አጫወትሁት። እውነተኛ መስተዋት በመድረክ ላይ ሲሰቀል የመብራቱን ጨረር በተመልካቹ ዓይን ላይ ይወረውራል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ተራውን የሚጠብቀውን ተዋናይም ያጋልጣል። ስለዚህ ገጹን ሳሙና እንቀባዋለን። መስተዋት በመድረክ ላይ መስተዋት እንዲመስል መታወር አለበት።

ወዳጄ ሳቀ። ከዚያም «አንተስ ታውቃለህ፤ የማያውቅ ሰው ቢመጣስ?» አለ። ከሕፃን በቀር መስተዋትን የማያውቅ ማን አለ ብዬ አለፍሁት።

እናቴ ዕድሜዋ ከ75 ካለፈ በኋላ የመርሳት ሕመም ያዛት። በመጀመሪያ የዕቃ ስም፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ቀጥሎም ቀኑና ሌሊቱ ተምታታባት። ብቻዋን መኖር የማትችልበት ደረጃ ስትደርስ ወደ ቤቴ አመጣኋት። በመጣች በሳምንቱ ገደማ ማድ ቤት ሆኜ ስታወራ ሰማሁ።

«ይጠጉ እንጂ እትዬ፤ ከዚያ ከጥግ ምን አስቀመጠዎት?»

ወጥቼ ሳይ ክፍሉ ውስጥ ከእርሷ በቀር ሰው አልነበረም። በመስተዋቱ ትይዩ ተቀምጣ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ያለችውን አሮጊት ታስተናግዳለች። ሐኪም ጠየቅሁ፤ በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው የገዛ ፊቱን መለየት ሊሳነው እንደሚችል ነገረኝ። የእናቴን ነገር ግን ከሕክምናው ባሻገር እንዲህ ተረዳሁት። ይህች ሴት በወጣትነቷ ፊቷን በሙሉ አይታ አታውቅም፤ ያየችው በመዳፍ መስተዋት ቁርጥራጩን ነበር። ራሷን ሙሉ ሆና ያየችው በጎረቤት ቤት ነው። አሁን በግድግዳ ላይ ሙሉ ሴት ስታይ ጎረቤት ናት ብላ መቀበሏ ምን ያስደንቃል?

ስለ ሌሊት ፈረቃ ታጫውታታለች። ስለ ክሩ ብናኝ፣ ስለ ማሽኑ ድምፅ፣ ጠዋት ከፋብሪካ ሲወጡ ስለሚገዙት ትኩስ ዳቦ ትነግራታለች። አንድ ቀን ስለ እኔ ስትናገር ሰማሁ፤ «ልጄ ደራሲ ነው፤ ቢሆንም ደኅና ልጅ ነው» አለቻት። ሌላይቱ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ አትመልስም። እናቴ ግን ዝምታዋን እንደ ጨዋነት ወሰደችው።

እዚህ ላይ ስሕተቴን ልናገር። ወዳጄ የተናገረው ቃል ሲቆጠቁጠኝ ቆይቶ፣ አንድ ማታ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝሁና የራሷን ጉንጭ አስዳስሻት «እማዬ፣ ይህች እኮ አንቺ ነሽ» አልኋት። መስተዋቱን ብዙ ጊዜ አየችው። እጇን ዝቅ አደረገች፤ ሌላይቱም ዝቅ አደረገች።

«እኔ?» አለች። ከዚያም «መቼ?» ስትል ጠየቀችኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ያን ማታ እህልም አልቀመሰች። በማግሥቱ ያልኋትን ረስታ እንደ ወትሮው «እትዬ፣ እንደምን አደሩ» አለቻት። እኔ ግን «መቼ?» ያለችውን አልረሳሁም።

የተናገርሁት እውነት ነበር። በየትኛውም ሚዛን ቢመዘን ሐሰት የለበትም። ነገር ግን እውነቱን የተናገርሁት ለማን ጥቅም ነው? ለእርሷ አልነበረም፤ እርሷ ልትይዘው አትችልም። ከወዳጄ ጋር በነበረኝ ክርክር ኅሊናዬ እንዲያርፍ ነው። የእናቴን ፊት ለክርክሬ ማስረጃ አደረግሁት። እኛ መምህራን፣ ካድሬዎችና የኪነ ጥበብ ሰዎች በሕዝብ ፊት መስተዋት ይዘን «ይህ አንተ ነህ!» ስንል ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገናል? የኋላ ቀርነቱን፣ የድህነቱን፣ የስካሩን ምስል በመድረክ አሳይተን፣ ጭብጨባውን ተቀብለን ወደ ቤታችን ስንሄድ፣ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ የቀረውን ማን አይቶታል? እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በአንድ ተውኔቴ ውስጥ አንዲት ሰካራም የፋብሪካ ሠራተኛ አሥቂኝ አድርጌ ሥዬ ነበር። ተመልካቹ ሥቋል። እናቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ እንደ ነበረ አሁን ትዝ ይለኛል፤ ስትሥቅ ግን ትዝ አይለኝም።

ይሁን እንጂ ነገሩን በዚህ መዝጋት አይቻልም። ሰው ሊሸከመው አይችልም እያልን እውነቱን ሁሉ ከደበቅን የምንደርሰው ወደ ጎንደሩ አዳራሽ ነው፤ ባለ ሥልጣኑ ደስ የሚለውን ፊት ብቻ እያየ፣ ግድግዳው እስኪሰበር ይቀመጣል። ወዳጄም ይህንኑ አነሣብኝ። «ለእናትህ የፈቀድኸውን ለሚኒስትር ትፈቅዳለህን?» አለኝ። አልፈቅድም። ልዩነቱ ምን እንደ ሆነ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ልነግረው አልቻልሁም። አንዱ ማየት የማይችል፣ ሌላው ማየት የማይፈልግ ነው ብዬ ጀመርሁ። የማይችለውንና የማይፈልገውን ማን ይለያል ሲለኝ ቆምሁ።

መኻከለኛ መንገድ ሞክሬ ነበር። ከቤታችን መስኮት ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ይታያል፤ ከባድ መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ ይመላለሳሉ። ሾፌሮቻችን ከጣልያንኛ ወስደው «ስፖኪዮ» የሚሉት የመኪና መስተዋት አለ፤ በጣልያንኛም ትርጉሙ ያው መስተዋት ነው። ሾፌሩ ስፖኪዮውን የሚያስተካክለው ራሱን እንዳያይበት አድርጎ ነው፤ ከኋላው የሚመጣውን ማየት ነው ጉዳዩ። ይህን እያሰብሁ የሳሎኑን መስተዋት ጥቂት አዘነበልሁት። እናቴ ከምትቀመጥበት ሆና የምታየው በሩንና የሚገባውን ሰው ብቻ እንዲሆን አደረግሁ። በሐሳቤ ሁሉም ነገር የተፈታ መሰለኝ፤ ምስሏም ሐሰት አይሆንባት፣ እውነቱም አይጎዳት፣ ልጅ ሲገባ ታያለች።

ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ያቺ ሴትዮ የት ሄደች?» አለችኝ። ሄደች አልኋት። «አንተ ነህ ያስወጣሃት? ምን አደረገችህ? ሰው አላት እንኳ?» ብላ ተቆጣችኝ። በልጅነቴ እንግዳ አስቀይሜ በተገኘሁ ጊዜ በምትቆጣው ድምፅ ነው የተቆጣችኝ። ያን ድምፅ ከሰማሁት ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ምስማሩን አስተካክዬ መስተዋቱን ወደ ነበረበት መለስሁት።

ወዳጄ ከዚህ በኋላ አንድ እሑድ መጣ። ቡና እየተፈላ ነበር። እናቴ አቦሉን ስትቀምስ ቀና ብላ አየችና «አየህ፣ እሷም ይዛለች፤ ማን ቀዳላት?» አለችኝ። ወዳጄ ወደ እኔ አየ። «እኔ ነኝ የቀዳሁላት» አልሁ። ሦስተኛው እስኪወርድ ምንም አልተናገረም፤ ሲወጣ ብቻ በሩ ላይ ቆሞ ወደ መስተዋቱ መለስ ብሎ ተመለከተ።

በዚህ ዓመት የማድ ቤቱ እንፋሎት በጠርዙ በኩል ገብቶ ከጀርባው ያለውን ብር መብላት ጀምሯል። ጥቁር ነጠብጣቦች ታይተዋል፤ አንደኛው እናቴ ስትቀመጥ በትክክል በሌላይቱ ጉንጭ ላይ ይውላል። ወደ መስተዋት ሠሪው ልጅ ሄጄ ብጠይቀው አይጠገንም አለኝ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ትነሣና የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ፣ የሰው ፊት እንዳይጎዳ በቀስታ፣ ያንን ነጥብ ትጠርገዋለች።